ቪዛ አያስፈልግም፤ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል

የ2016 ዓ.ም. ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ብረታ ብረት የሚሸጡ አንድ አዛውንት ስልካቸው ጮኸ። ቁጥሩ የናይሮቢ ነው። በዚያ ሰዓት ከናይሮቢ የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ማንሣት አያስፈልግም። የደወለችው የታናሽ ወንድማቸው ሚስት ነበረች። ራቱን በልቶ እንደተኛ አልነቃም።

መርዶ በአገሩ ደንብ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ተጠርቶ፣ ሲነጋጋ በር ተንኳክቶ ነው። ግን በሁለት አገር የተከፈለ ቤተሰብ ይህ ወግ ከቀረበት ቆይቷል። ሴትዮዋ በለቅሶዋ መሀል አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ተናገረች። «ጋሼ፣ ቀብሩ ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ሳይመጡ አፈር አናለብሰውም። እንጠብቅዎታለን።»

ሁለት ቀን ተኩል አለ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜ ተርፏል ማለት ነው። እንዲያ ነበር የመሰላቸው።

*

ሟቹ ኬንያ የገባው በ1983 ነው። የደርግ ሠራዊት ሲበተን በደቡብ በኩል የነበሩ ብዙ ወታደሮች በሞያሌ አድርገው ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር። መጀመሪያ በመጠለያ ጣቢያ፣ በኋላ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር። ኢስሊን ያየ የመርካቶ ሰው አገሩን አይረሳም፤ ጨርቁ በጣቃ፣ ሽቶው በካርቶን፣ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ የሚያልፍበት፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እንደ ስዋሂሊ የሚሰማበት ገበያ ነው። ልጁ እዚያው ሠርቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወለደ።

ታላቅየው በየሁለት ዓመቱ ይጠይቁታል። ደኅና ብር የተገኘ እንደሆነ በአውሮፕላን፣ ካልተገኘ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በኬንያ አውቶቡስ። ለሁሉም የሚያስፈልገው ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ብቻ ነበር። ጃንሆይና ጆሞ ኬንያታ የመከላከያ ውል ከተፈራረሙበት ዘመን ጀምሮ ሁለቱ አገሮች ወዳጅ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊም ኬንያ ለመግባት ቪዛ ሳይጠየቅ ኖሯል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብዙ በር የማይከፍት ፓስፖርት ነው። ኬንያ ግን ከሚከፍታቸው ጥቂት በሮች አንዷ ነበረች። መርካቶ ውስጥ «ውጭ አገር ሄጄ አውቃለሁ» የሚል ብዙ ሰው ሄጄ አውቃለሁ የሚለው ዱባይ ካልሆነ ናይሮቢ ነው።

ያን ዓመት ታኅሣሥ 2 ቀን፣ በኬንያ የጃምሁሪ በዓል ላይ፣ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከየትኛውም የዓለም ክፍል ወደ ኬንያ ለሚመጣ ሰው ቪዛ እንደማያስፈልግ አወጁ። ዜናው በዓለም ዙሪያ «ኬንያ በሯን ለዓለም ሁሉ ከፈተች» ተብሎ ተነገረ። አዛውንቱም በሱቃቸው ሬዲዮ ሰምተውታል። ፈገግ ብለው «ለእኛ እኮ ዱሮም አልተዘጋ» አሉ ለጎረቤታቸው። ዜናው ሲቀጥል የተነገረውን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ልብ አላሉትም። ብዙ ሰውም ልብ አላለውም።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ በቪዛው ፋንታ ማንኛውም ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሰዉ በአጭሩ «ኢቲኤ» ይለዋል። ክፍያው 30 ዶላር፣ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት የሚሞላ። ከግዴታው ውጭ የሆኑት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም።

*

የእቁብ ጓደኞቻቸው ማክሰኞ ጠዋት ትኬቱን ቆረጡላቸው። ትኬት ሻጩ ፓስፖርቱን አየ፣ ብሩን ቆጠረ፣ «አላህ ያጽናዎት» ብሎ ወረቀቱን ሰጣቸው። ስለ ኢቲኤ ምንም አላለም። ምናልባት እሱም አልሰማም፤ ሥርዓቱ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንት ያልሞላው ነበር።

ረቡዕ ማለዳ ቦሌ ደረሱ። ጥቁር ኮት፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ፣ ለወንድም ልጆች በፌስታል የተቋጠረ ድርቆሽና በርበሬ። ሻንጣ መዛኟ ልጅ ፓስፖርቱን ተቀብላ ኮምፒውተሯን አየች።

«አባባ፣ ኢቲኤ አለዎት?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኬንያ ለመግባት በኢንተርኔት የሚሞላ ፈቃድ ነው።»

«ለኬንያ ቪዛ የለም እኮ ልጄ! ከአሥር ጊዜ በላይ ሄጃለሁ፤ ማኅተሙን አገላብጠሽ እዪው።»

«ቪዛማ አያስፈልግም አባባ። ፈቃዱ ግን ያስፈልጋል።»

ለቀብር እንደሚሄዱ ነገሯት። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሄዳ አለቃዋን ጠራች። እሱም አዝኖ ያንኑ ደገመው። አዛውንቱ ሻንጣቸውን አንሥተው ወጡ። ታክሲ ውስጥ ሆነው ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ልጅቷ ላይ መፍረድ ይቀላል። ነገሩ ግን ከእሷ በላይ ነው። በየአየር ማረፊያው ያሉ የሻንጣ ተቀባዮች የየአገሩን የመግቢያ ሕግ የሚያዩበት የጋራ የመረጃ ቋት አለ። ያለ ፈቃድ ሰው ጭኖ የሄደ አየር መንገድ ተጓዡን በራሱ ወጪ መልሶ ያመጣል፤ በብዙ አገር ይቀጣልም። ስለዚህ የኬንያ ድንበር ጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ ቦሌ ሻንጣ መመዘኛው ላይ መጥቷል። እዚያ የቆመችው ልጅ ደግሞ የኬንያ ሹም አይደለችም። አንድ የድንበር ሹም የሞት ወረቀት አይቶ፣ ሰው መሆኑን አስታውሶ «ይለፉ» ሊል ይችላል። እሷ ግን የማለፍ ሥልጣን የላትም፤ የማስቀረት እንጂ።

*

ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ምን አለሽ ተራ ተመለሱ። «በሞያሌ ልሂድ» አሉ። ግን ሥርዓቱ የሚመለከተው የአየር መንገደኛን ብቻ አልነበረም፤ በየብስ የሚገባውንም ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ነበር፤ መንገደኛ ሁለት ቦታ እንዳይሰለፍ፣ በአንድ ቦታ ጨርሶ እንዲያልፍ። እዚያ ለመድረስም ቢሆን ሁለት ቀን በመንገድ ማለቁ ነው።

ስለዚህ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄዱ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የሌለበት ተራ የለም። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የዲቪ ፎርም፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ የግብር ማስታወቂያ፤ መንግሥት ወደ ኢንተርኔት ያስገባው ነገር ሁሉ በእነዚህ ጠባብ ክፍሎች ተመልሶ ወደ ሰው እጅ ይወጣል። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የኬንያን ፈቃድ እስከዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ያውቃል።

«ጋሼ፣ የቤተሰብ ስም ማን ልበል?»

ከዚህ ነው ጣጣው የሚጀምረው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም። ስም አለው፣ የአባት ስም አለው፣ የአያት ስም አለው። ፎርሙ ግን የተሠራው ሁሉም ሰው ከቅድመ አያቱ የወረሰው አንድ ስም አለው ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው። ፓስፖርታቸው ላይ በዚያ ቦታ የተቀመጠው የአያታቸው ስም ነው። የአየር ትኬቱ ላይ ደግሞ የአባታቸው ስም ነው የተጻፈው። ልጁ ሁለቱን እያየ ራሱን አከከ። ፓስፖርቱን ተከተለ፤ ትክክል ነበር። ግን እንዲያ ባያደርግስ? በዚህች አንዲት ሳጥን ምክንያት ስንት ሰው ከበር ተመልሷል።

«የልደት ቀን?»

የልደት ቀናቸውን አያውቁም። እናታቸው «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር» ይሏቸው ነበር። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን አንድ የቀበሌ ጸሐፊ የዛሬ ብዙ ዓመት የሰጣቸው ነው። ልጁ ያንኑ ጻፈ።

«ኢሜይል?»

የላቸውም። ልጁ የራሱን ጻፈ። ለሁሉም ደንበኞቹ የሚጽፈው የራሱን ነው።

«የሚያርፉበት ሆቴል? የሆቴል ማስረጃ ይጠይቃል።»

«ሆቴል ምን ይሠራልኛል? ወንድሜ ቤት ነው የማርፈው።»

«እሺ፣ እንግዲያው የተቀባይዎ ስም?»

አዛውንቱ ዝም አሉ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ የወንድማቸውን ስም ከነአባቱ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ልጁም ጻፈው። ሌላ የሚባል ስም አልመጣላቸውም። ያ ቤት ለእሳቸው የወንድማቸው ቤት ነው። ለልጁ ለማስረዳትም አልቻሉም።

ከዚያ ክፍያው መጣ። 30 ዶላር። በዚያ ወር በባንክ ምንዛሪ 1,700 ብር ገደማ ነው። ግን የመርካቶ ብረት ሻጭ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል? የባንክ ካርዳቸው ከአገር ውጭ አይሠራም። ብሩ በገበያ ከመለቀቁ በፊት ነበር፤ የጥቁር ገበያው ዋጋ ደግሞ የባንኩን እጥፍ ያህል ደርሷል። ልጁ አንድ ወዳጁ ዘንድ ደወለ። ያ ወዳጅ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሰው ካርድ ያውቃል። ዶላሩ በጥቁር ገበያ ዋጋ ተሰላ፣ የካርዱ ባለቤት ድርሻ ተጨመረ፣ የደዋዩ ተጨመረ፣ የፎርም መሙያው ተጨመረ። 7,000 ብር ሆነ። አዛውንቱ አልተከራከሩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ኬንያ ለመግባት አንድም ሳንቲም ከፍለው አያውቁም ነበር፤ ከፍለው የገቡት ቪዛ ቀረ ከተባለ በኋላ ነው።

*

ሐሙስ 8 ሰዓት ላይ ቀብሩ ተፈጸመ። ናይሮቢ ያሉት ሬሳውን ከዚያ በላይ ለማቆየት አቅም አልነበራቸውም። የወንድማቸው የመጀመሪያ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ በቪዲዮ አሳያቸው። የእድሩ ሰዎች የሱቃቸውን ደጃፍ በሸራ ጋርደው አግዳሚ ደርድረው ነበር። አዛውንቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለተኛው ሲመለስ አፈሩ ሞልቶ ነበር።

ፈቃዱ ዓርብ ማታ መጣ። የታየው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ኢሜይሉ የልጁ ነዋ። ልጁ ወረቀቱን አትሞ ሮጦ አመጣላቸው። ቅዳሜ የሟቹ ሣልስት ነበር። አዛውንቱ እሑድ በረሩ፤ የደረሱት ለለቅሶ እንጂ ለቀብር አይደለም።

በእኛ አገር ሰው ከሞተ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ ስም አላቸው። ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ አለ። የማይመለሰው ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። አርባ ላይ የቀረ ሰው ሙት ዓመት ላይ ይክሳል። ቀብር ላይ የቀረ በምን ይክሳል? አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት «3 ቀን አስቀድመህ አመልክት» ሲል ለቱሪስት የሚያስቸግር ነገር አልተናገረም፤ ቱሪስት ጉዞውን ከወራት በፊት ነው የሚያቅደው። ጎረቤት አገር ዘመድ ያለው ሰው ግን ጉዞውን አያቅድም። ጉዞው ነው ድንገት የሚመጣበት፤ በሞት፣ በምጥ፣ በሕመም፣ በገበያ ዋጋ መውረድ። እንዲህ ያለው ሰው ነው ታዲያ ቪዛ የማያስፈልግበት ጉርብትና ከማንም በላይ የሚጠቅመው። ሥርዓቱም ከማንም በላይ የጎዳው እሱን ነው።

*

ለፍትሕ ሲባል የሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። በአገሩ የኬንያ ኤምባሲ ለሌለው፣ ቪዛ ለመጠየቅ ጎረቤት አገር ድረስ ይሄድ ለነበረ ሰው የኢንተርኔቱ ፈቃድ እፎይታ ነው። ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅም በአሸባሪዎች ደጋግማ ለተመታች አገር ቀላል ነገር አይደለም። አሠራሩም የኬንያ ፈጠራ አይደለም። አውስትራሊያ በ1990ዎቹ ጀምራዋለች። አሜሪካ ቪዛ ከማትጠይቃቸው አገሮች ለሚመጡት ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። ካናዳ ተከተለች፤ ብሪታኒያም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ አስገብታዋለች። አውሮፓውያን የራሳቸውን ለማስጀመር ሲያዘገዩት ቆይተዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለንደን ያለ እህቱን ለመጠየቅ ዛሬ ይህንኑ ይሞላል። ዓለም ወደዚህ እየሄደ ነው፦ ቪዛው ይቀራል፣ ፎርሙ ይተካዋል፣ ክፍያው ይከተላል።

ልዩነቱ ያለው ከፎርሙ በስተጀርባ ባለው ሰው ነው። ለንደን የሚሄደው ሰው ስልክ አለው፣ ካርድ አለው፣ ኢሜይል አለው፣ ፎርሙ የተጻፈበትን ቋንቋ ይችላል፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። የምን አለሽ ተራው ሰው ከእነዚህ ውስጥ ያለው ስልኩ ብቻ ነው። ለእሱ ሥርዓቱ ኤሌክትሮኒክ አልሆነም፤ ደላላ ነው የተጨመረበት። የኤምባሲ ሰልፍ ቀረ ሲባል ሰልፉ ወደ ኢንተርኔት ቤት ዞረ። ደላላው ባለበት ደግሞ አጭበርባሪው አይርቅም፤ የመንግሥት ድረ ገጽ መስሎ የተሠራ ገጽ ሞልቶ የባሰ የተዘረፈ አለ።

አፍሪካውያንም ዝም አላሉም። ከሥርዓቱ በፊት ኬንያ በነፃ ይገቡ የነበሩ የብዙ አገሮች ዜጎች «በሩ ተከፈተ ስትሉን በክፍያ ዘጋችሁብን» ብለው ጮኹ። የአፍሪካ ልማት ባንክና የአፍሪካ ኅብረት በየዓመቱ በሚያወጡት የቪዛ ክፍትነት መለኪያ ኬንያ በ2024 ከ29ኛ ወደ 46ኛ ወረደች። «ለዓለም ሁሉ በሬን ከፈትኩ» ያለች አገር ማለት ነው።

ኬንያም ሰማች፤ ይህን መመስከር ይገባል። ሥርዓቱ ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ ከእሷ ጋር የቪዛ ስምምነት ያላቸውን ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ሞዛምቢክን፣ ኮሞሮስን፣ ኮንጎ ብራዛቪልንና ሳን ማሪኖን ከክፍያው ነፃ አደረገች። ፎርሙ ግን ቀጠለ። በጥር 2017 የኬንያ ካቢኔ ከሶማሊያና ከሊቢያ በስተቀር አፍሪካውያን ፈቃዱን እንዳይጠየቁ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን ይዞ ይገባል፤ እስከ 2 ወር ይቆያል። አንድ ዓመት ተኩል ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደነበረበት ተመለሰ። በዚያ አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ግን ሰው ሞቷል፤ ተቀብሯልም።

*

ስለ ጎረቤት አገር በር ስናወራ የራሳችንን ደጃፍ መርሳት አይገባም።

የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2010 ሰዎች በአህጉሪቱ በነፃ እንዲዘዋወሩ የሚያስችል ፕሮቶኮል አጽድቋል። የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዱሮ ከርቸሌ በነበረበት ቦታ በተሠራው አዳራሽ ነው። ከመርካቶ በታክሲ ብዙ አይርቅም። ፕሮቶኮሉ ሥራ እንዲጀምር 15 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። ከሠላሳ በላይ ፈረሙ፤ ለዓመታት ያጸደቁት ግን ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊና ሳኦቶሜ ብቻ ናቸው። በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ኪጋሊ ላይ የተመረቀው የአፍሪካ ፓስፖርት ለመሪዎች ተሰጠ፤ ብረት ሻጩ ዘንድ አልደረሰም። ኢትዮጵያ ራሷ ከጥቅምት 2011 መጨረሻ ጀምሮ ለአፍሪካውያን በመዳረሻ ቪዛ እንደምትሰጥ አስታውቃ ተጨብጭቦላታል። ግን የራሷ ዜጋ መደበኛ ፓስፖርት ለማውጣት ይከፍል የነበረው 2,000 ብር በ2016 መገባደጃ 5,000 ገብቷል። በሁለት ቀን ልውሰድ ያለ ሰው የሚጠየቀው 25,000 ነው። ቀብር የደረሰበት ሰው የሚፈልገው ደግሞ በሁለት ቀን የሚደርሰውን ነው።

በሌላ በኩል የውጭ ዜግነት የወሰደ ልጅ እናቱን ለመቅበር ሲመጣ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ከሌለው፣ እኛም ፎርም እናስሞላዋለን። እሱም የሚያርፍበትን አድራሻ ሲጠየቅ የሚጽፈው የእናቱን ቤት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው «ኬንያ በደለችን» የሚል አይደለም። የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ነው። አንደኛ፣ የጎረቤት አገር የመግቢያ ሕግ ሲለወጥ ለዜጋው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ በሬዲዮ መንገር የመንግሥት ሥራ ነው። ኬንያ ለውጡን በታኅሣሥ መጀመሪያ ስታስታውቅ ወር የሚጠጋ ጊዜ ነበር፤ በዚያ ወር ምን አለሽ ተራ ድረስ የደረሰው «በሩ ተከፈተ» የሚለው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ትኬት የሚሸጥ ሰው ብር ከመቀበሉ በፊት የሚያስፈልገውን ሰነድ የመናገር ግዴታ ይኑርበት፤ ሻንጣ መመዘኛው ላይ የምታውቀውን ልጅ መረጃ እሱም ያውቀዋል፣ ወይም ማወቅ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚሠራ አገር ሁሉ ለሞትና ለሕመም የተለየ መስኮት ያስቀምጥ፤ ያም መስኮት ከማሽን ሌላ ስልክ የሚያነሣ ሰው ይኑርበት። አራተኛ፣ ጎረቤታሞች ተነጋግረው የሰጡትን መብት አንዱ ብቻውን በአንድ ቀን ንግግር አይለውጠው። ሁለት አገር የተዋዋለው ውል በሦስተኛ ኩባንያ ፎርም መሻር የለበትም።

የጉዞ ነፃነት ማለት ስምምነት ላይ የተጻፈው ቃል አይደለም። ስልክ በሌሊት የተደወለለት ሰው ሲነጋ ተነሥቶ መሄድ ከቻለ፣ ያ ነፃነት ነው። ካልቻለ፣ ስሙ ቪዛም ይሁን ኢቲኤ፣ ያው በር ነው።

*

በጥር 2018 አዛውንቱ ለወንድማቸው ሁለተኛ ሙት ዓመት ወደ ናይሮቢ ሊሄዱ ተነሡ። በኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ «የኬንያ ኢቲኤ እንሞላለን» የሚለው ወረቀት ፀሐይ ቀለሙን አጥቦት አሁንም ተለጥፏል። ልጁ ግን ታማኝ ነው፤ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሼ፣ አሁን ቀርቷል። እንዲሁ ይሂዱ።»

አላመኑትም። አንድ ጊዜ «አያስፈልግም» ተብለው አይተውታል። ስለዚህ ያንን የ2016ቱን ወረቀት፣ ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረበውን፣ አጥፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። ቦሌ ማንም አልጠየቃቸውም። ናይሮቢ የደረሱ ጊዜ የኢሚግሬሽን ሹሙ ፓስፖርቱን ሲገልጥ ወረቀቱ ወደቀ። አነሣው፣ አየው፣ ፈገግ ብሎ «ይህ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ሊጥሉት ይችላሉ» አላቸው በእንግሊዝኛ። ከኋላቸው የቆመ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ተረጎመላቸው።

አዛውንቱ ወረቀቱን ተቀብለው እንደገና አጥፈው ወደ ኮታቸው ኪስ ከተቱት። አይጥሉትም። መሀሉ ላይ «ተቀባይ» በሚለው ቦታ የወንድማቸው ስም አለበት።